እየዋኘ የተከተበው መንጋ

ደስታ ከወንዛዬ ወዲያ ባሉ መንደሮች ገብቷል የሚለውን ወሬ የሰማነው በሐምሌ፣ ዝናቡ የመሥሪያ ቤታችንን ቆርቆሮ በሚደበድብበት አንድ ጠዋት ነበር። ወሬውን ያመጡት ለገበያ የመጡ ሁለት ገበሬዎች ናቸው፤ ጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠበ በራፉ ላይ ቆመው ተናገሩ። እኔና አለቃዬ ተያየን። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ወር እንኳ ያልሞላው ካድሬ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ የሁለቱንም እጅ ጨበጠ። ደስታ ለሰፊው ሕዝብ የሚገባው መሆኑን፣ አብዮቱም የፈነዳው ለዚሁ እንደሆነ ነገራቸው። ገበሬዎቹ ግራ ገብቷቸው ወደ አለቃዬ ዞሩ። አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉና በዝግታ፣ "ጓድ፣ ይኼ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነው" አሉት። "የገባበትን በረት ባዶ አድርጎ ነው የሚወጣ።"

ካድሬው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የማንጎውን ዛፍ ማየት ጀመርሁ። የሚታይ ነገር ኖሮበት አይደለም፤ ሣቄ ስላመለጠኝ ነው።

ይህ ሣቅ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ ጠላቴ ነበር። እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በፈረቃ የምትሠራ ሴት ስትሆን፣ ማታ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስብሰባ ነበረብሽ ወይ፣ ሣቅሽ ወይ ብላ ነው። በዚያ ዘመን በስብሰባ መሐል የሣቀ ሰው በማን እንደሣቀ ማስረዳት ነበረበት። እኔ ደግሞ ሲስቁ ምክንያት ከማይፈልጉት ወገን ነኝ። ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ባሕር ዳር ከተመለስሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር፤ የሰፈራችን ሰዎች የላም ሐኪሟ ይሉኛል፤ ቀጭንና አጭር ስለነበርሁም ሐኪሟ ላሟን ትይዛታለች ወይስ ላሟ ሐኪሟን እያሉ ይቀልዱብኛል።

አለቃዬ የእኔ ተቃራኒ ናቸው። ትልቅ ሰው፣ ሰፊ ደረት፣ ሰፊ ሆድ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ መርፌ ይዘው ጎጃምን በእግራቸው የዞሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ሲናደዱም ድምፃቸው አይነሣም፤ ከብትንም ሰውንም በአንድ ዓይነት ትሕትና ነው የሚያናግሩ። የሚፈሩት ነገር አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ውኃ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ኖረው ቁርጭምጭሚታቸውን እንኳ ነክረው አያውቁም።

ከበሽታው ወሬ በላይ ያስጨነቀን የአንድ መንጋ ነገር ነበር። አባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አፍ በስተምሥራቅ፣ ሐይቁ ሲጎድል ከየብስ የሚገናኝ፣ ሲሞላ ደሴት የሚሆን ሣራም መሬት አለ። በዚያ ላይ ባለቤት የሌለው መንጋ ይኖር ነበር። ከአዋጁ በፊት የአንድ ባለርስት ከብት ነበር ይባላል። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ሰውየው አገር ለቆ ሄደ፣ እረኞቹም መሬት ደርሷቸው ወደ እርሻቸው ገቡ፣ ከብቶቹ ቀሩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊከፋፈላቸው ሞክሮ ነበር፤ የታሠሩት ገመድ እየበጠሱ፣ በረት እየጣሱ ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቃቸውም የሚያልባቸውም የለም። እዚያው ይወልዳሉ፣ እዚያው ያረጃሉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ቁመተ ረጃጅም፣ የሐይቁን ዳር ደንገል እንደ ሰርዶ የሚግጡ፣ ጉማሬ ሲያዩ እንኳ መንገድ የማይለቁ ከብቶች ናቸው።

እኔና ጋሼ ጤናቸውን የምንከታተለው በሩቅ ነበር። ዛፍ ጥግ ቆመን በሩቅ ማሳያ መነጽር እናያቸዋለን፤ ያነከሰውን፣ የከሳውን፣ ከመንጋው የተለየውን እንለያለን። ሲሄዱልን ደግሞ እበታቸውን በጠርሙስ እየሰበሰብን የጉበት ትል እንቁላል አለበት ወይ ብለን እንመረምራለን። ለአንድ ወጣት ሴት የሚያኮራ ሥራ አይመስልም፤ እኔ ግን እወደው ነበር። ያንን መንጋ በጠዋት ጤዛ ውስጥ ያየ ሰው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል።

ችግሩ ሐይቁ ሲሞላ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሣሩ በውኃ ሲዋጥ መንጋው ጠባቡን ውኃ ተሻግሮ ወደ የብስ ይወጣና ከገበሬው በሬና ላም ጋር ይቀላቀላል። የገበሬው ከብት ተይዞ ይከተባል። ይህ መንጋ ግን ማን ይዞት? ደስታ አንዴ ከገባበት በሽታውን ተሸክሞ በየመንደሩ ያዳርሰዋል። በስብሰባ ላይ ነገሩ ተነሣና አንዱ የማኅበር ሊቀ መንበር፣ መንጋው ሳይሻገር ሚሊሽያ ገብቶ በጥይት ይጨርሰው አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ሣቅ ያልመጣብኝ የመጀመሪያው ስብሰባ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ ተነሥተው እንከትባቸዋለን አሉ። እንዴት ተብለው ሲጠየቁ፣ እሱን ለእኛ ተዉት ብለው ተቀመጡ። ካድሬው ጥቂት አሰበና መንጋው እስኪሻገር ድረስ ጊዜ ይሰጣቸው፣ ካልሆነ ግን የማኅበሩ ሐሳብ ይፈጸማል ብሎ ወሰነ። ስንወጣ ጋሼን በጆሯቸው እንዴት አድርገን ነው የምንከትባቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በጆሮዬ፣ "እኔ እንጃ፣ ልጄ" አሉኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው ሰው ሁሉ የሚሞክረውን ነው። ከየብስ በሚገናኘው አንገት ላይ፣ ውኃው ገና ከጉልበት በታች ሳለ፣ በባሕር ዛፍ አጣና አጥር ሠራን። አፉ ሰፊ፣ መጨረሻው አንድ ከብት ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ገበሬዎቹ ጅራፍ እያጮኹ ከኋላ ነዱ። ጋሼ ከጠባቡ ጫፍ፣ ደረቁ ላይ፣ መርፌያቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ቆሙ፤ እኔ የበረዶ ሳጥኑን ይዤ ከአጠገባቸው ቆምሁ። የደስታ ክትባት ዱቄቱ በቀዝቃዛ ጨው ውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ከሞቀ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ በረዶውን ከከተማው ዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ለምነን ነበር ያመጣነው።

መንጋው እስከ አጥሩ አፍ መጣና ቆመ። መሪያቸው አንዲት ቀንዷ ወደ ታች የታጠፈ ባልቴት ላም ናት። አጣናውን አሸተተች። ከዚያ፣ ግብዣውን በጨዋ ደንብ እንደማይቀበል ሰው፣ ዘወር ብላ በአጥሩ ጎን ሄደች። ሁሉም ተከተሏት። ኮርማው ብቻ ዘወር ማለትን አልፈለገም። በአጥሩ መሐል፣ አጥሩ እንደሌለ ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ አለፈና ወደ እኛ መጣ።

ጋሼ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደዚያ ያለ ሩጫ በሆዳቸው ውስጥ ተደብቆ መኖሩን እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ ሳጥኑን አቅፌ፣ እሳቸው መርፌውን ጨብጠው፣ ኮርማው ከኋላችን፣ በጭቃው ላይ ወደ ሐይቁ ሮጥን። ዳር ላይ ደንገል የጫነች አንዲት ታንኳ ነበረች፤ በላይዋ የእኔ እኩያ የምትሆን ረጅም ልጅ ቆማለች። ነጠላዬን ያዘችና እንደ መረብ ጎተተችኝ። ጋሼ በደረታቸው ደንገሉ ላይ ወደቁ፤ ታንኳዋ አንዴ ጠልቃ ተነሣች። ልጅቱ ምንም ሳትጠይቀን በሸምበቆዋ መሬቱን ገፋችና ወደ ጥልቁ ወጣን።

ኮርማውም ተከተለን። ዘሎ ውኃው ውስጥ ገባና መዋኘት ጀመረ። ታንኳዋ በእኛ ክብደት ስለዘገየች ደረሰብን። ትልቁ ጥቁር ራሱ ከጋሼ ክርን አጠገብ መጥቶ ቆመ፤ የአፍንጫው ትንፋሽ ፊታችን ላይ ውኃ ይረጫል። ዓይኔን ጨፈንሁ። ምንም አልሆነም። ቀስ ብዬ ስገልጥ ኮርማው ያው አጠገባችን አለ፤ ግን ቁጣው የለም። እግሩ መሬት አጥቷል፤ ያለው አቅም ለመዋኘትና ለመተንፈስ ብቻ ነው። እንደ በግ ዋህ ሆኖ ያየናል።

ጋሼ የጨበጡትን መርፌ አዩ። የኮርማውን አንገት አዩ። ከዚያ ልብስ ላይ ቁልፍ እንደሚተክል ሰው ረጋ ብለው ቆዳውን ቆንጥጠው ወጉት። ኮርማው አንዴ ተነፈሰና ዞሮ ወደ ሣሩ ተመለሰ።

ጀርባው ሣሩ ውስጥ እስኪጠፋ አየነው። በመጨረሻ ልጅቱ ሸምበቆዋን ተደግፋ፣ "ወላሂ፣ እኔ እንኳ ክሊኒክ ስወጋ እንዲህ ዝም አልልም" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መግለጽ ያስቸግረኛል። መጀመሪያ እኔ ነኝ የጀመርሁት። ልጅቱ ተከተለች። ጋሼ ደንገሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋልለው፣ ሆዳቸው እየተናጠ፣ እንባቸው በጆሯቸው እየወረደ ሣቁ። ታንኳዋ በሣቃችን እየተወዛወዘች ውኃ መጠጣት ስትጀምር ልጅቱ ባንድ እጇ ሆዷን ይዛ በሌላው ውኃ ትቀዳ ነበር። የት እንዳሉ ትዝ ሲላቸው ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀመጡና የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም ሣቁ ትንሽ ሲተወኝ ነበር ነገሩ የገባኝ።

"ጋሼ፣ ሁሉም ይዋኛሉ እኮ" አልኋቸው።

"ማን?"

"መንጋው። ነሐሴ ላይ ሲሻገሩ ሁሉም በዋና ነው የሚያልፉ።"

ጋሼ ባዶውን ሐይቅ ብዙ ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ሁለት ነገር ሲታገል ይታየኛል፤ አንዱ ተስፋ ነው፣ ሌላው ደግሞ ያ ተስፋ የሚፈጸመው ውኃ ላይ ተቀምጠው መሆኑ ነው።

የልጅቱ አባት በሐይቁ ዳር ካሉት ሙስሊም ቤተሰቦች ታንኳ በመሥራት የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ሄደን ስንነግራቸው ጋሼን አስቀምጠው በጸጥታ ሰሙና የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀንዱ ታንኳዬን ቢቀድደውስ አሉ። ደንገል እኮ ሣር ነው፤ ለላም ታንኳ ማለት በውኃ ላይ የሚሄድ ምሳ ነው አሉ። ሽማግሌው ግን ከብት የሚወዱ ሰው ስለነበሩ መንጋው በጥይት ያልቃል መባሉን ሲሰሙ ቀናቸውን ሙሉ ሲያስቡ ዋሉ። በመጨረሻ ሁለት ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን እያሠሩ፣ በላዩ ሳንቃ እያጋደሙ፣ ጎኑን በአሮጌ ጆንያ ሸፈኑት። እኔና ልጃቸው ጆንያ ስንሰፋ ሰነበትን። ያቺ ልጅ አፏ ማረፍን አታውቅም፤ የእኔ ሣቅ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አባቷ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ጆንያ ነው የምትሰፉ ወይስ ሠርግ ነው የምትደግሱ ይሉን ነበር።

የተከተበውን ካልተከተበው ለመለየት ቀለም ያስፈልገን ነበር። ለካድሬው ስንነግረው ፊቱን ሳይፈታ ሰማን፣ ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ይዞ መጣ። ለአደባባዩ መፈክር የመጣ ቀለም ነው። መፈክሩ አጠር ይላል አለን። ቀጥሎም ቀለሙ በኃላፊነት የወጣ ስለሆነ የሚቀባው እሱ ራሱ መሆኑን አስታወቀን። ዋና ይችል እንደሆነ ጋሼ በትሕትና ቢጠይቁት፣ ጉዳዩ የዋና ሳይሆን የቀለም ነው ብሎ መለሰ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ውኃው በየቀኑ ይጨምራል፣ ሣሩ ይጠባል፣ መንጋው ይጠጋጋል። አንድ ጠዋት ልጅቱ ራሷ እያለከለከች መሥሪያ ቤታችን ደረሰች። ቀንደ ጎባጣዋ ላም ዳር ላይ ቆማ ማዶውን እያየች ነው አለች። የበረዶ ሳጥኑን ላንድሮቨሩ ላይ ጫንን፤ ላንድሮቨሩ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ ሳጥኑን በራሳችን ተሸክመን፣ ካድሬው የቀለም ቆርቆሮውን እንደ ማሾ አንጠልጥሎ፣ እየተጣደፍን ደረስን።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ዘጌ በሩቁ ጠቁሮ ይታያል፣ ሐይቁ እንደ ሰሐን ተዘርግቷል። ታንኳዎቹን በሁለት መስመር አሰለፍናቸው፤ ከብቱ የሚያልፈው በመሐላቸው ነው። እኔ ከልጅቱ ጋር በግራ መስመር ሆንሁ። ጋሼ በቀኝ መስመር በሽማግሌው ታንኳ ላይ ተቀመጡ፤ በራሳቸው ጥያቄ ወገባቸው ከሳንቃው ጋር በገመድ ታሥሯል። ካድሬው በሸምበቆ ጫፍ የታሠረ ብሩሽ ይዞ ከመጨረሻው ታንኳ ላይ ቆመ። እንዲቀመጥ ቢለምኑት ቆሜ ነው የሚታየኝ አለ። ገበሬዎቹ ጅራፋቸውን ጠቅልለው በማዶ ቆመዋል፤ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ተነግሯል።

ባልቴቷ ላም ውኃው ውስጥ ገባች። ደረቷ ጠለቀ፣ ጀርባዋ ጠለቀ፣ ራሷና ሻኛዋ ብቻ ቀሩ። ከኋላዋ አንድ ሁለት እያሉ ሁሉም ገቡ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ድምፁን ነው፤ ያ ሁሉ መንጋ ሲዋኝ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እንደ ብዙ ወናፍ፣ ፍው፣ ፍው፣ ፍው። ላሟ በጋሼ በኩል ስታልፍ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው፣ "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብለው ወጓት። አላሾፉም። ለእሳቸው ያቺ ላም በዕድሜዋ አንቱ የምትባል ነበረች።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ቀንድ ወደ እኔ ደረሰ። ቆነጠጥሁ፣ ወጋሁ፣ ገፋሁ፤ ቆነጠጥሁ፣ ወጋሁ፣ ገፋሁ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ይሠራል። ልጅቱ ታንኳዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ታመላልሰዋለች፤ ይቺ ቀረችሽ፣ ያቺ ዞረችሽ፣ ያኛው በዚህ መጣ ትለኛለች። ጊደሮቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያልፋሉ። አንድ ጥጃ ደክሞት አገጩን ጆንያው ላይ አስደግፎ ዐረፈ፤ ልጅቱ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገችው፣ እኔ ስወጋው ምላሱን አውጥቶ ክንዴን ላሰኝ። ከእግሬ ጀምሮ የሆነ ነገር እየሞላኝ መጣ። ጮኼ መዝፈን፣ ውኃው ውስጥ ዘልዬ መግባት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ መሳም አማረኝ። ዝም በሉ ስለተባልን ዝም አልሁ፤ ግን ጥርሴ አልከደን ብሎኝ ፊቴ ደክሞ ነበር።

ካድሬው በበኩሉ እየቀባ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀንዶች በጥንቃቄ ቀባ። መንጋው ሲበዛበት ቀንድም ጆሮም ሻኛም እያለ ሄደ፤ የሽማግሌውን ታንኳ ቀባ፣ በጀርባቸው የዞሩለትን የጋሼን መላጣ ቀባ። ጋሼ በእጃቸው ዳሰሱት፣ ቀዩን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። ኮርማው መጨረሻ ላይ መጣ። አስቀድሞ ተከትቦ ስለነበር ቀለም ብቻ ነው የሚቀረው። ካድሬው ሁለቱንም ቀንዶች እኩል ለማድረግ ጎንበስ ሲል ኮርማው ራሱን አንዴ ነቀነቀ።

ሸምበቆው ወደ ላይ በረረ፣ ካድሬው ወደ ታች ወረደ። ውኃው ተከደነበትና ለአንድ አፍታ ምንም አልታየም። ከዚያ አንድ እጅ ወጣና ያገኘውን ያዘ፤ ያገኘው የኮርማውን ጅራት ነበር። ኮርማው ደንግጦ ፍጥነቱን ጨመረ። ካድሬው በሆዱ ተዘርግቶ፣ ኮፍያው ተንሳፍፎ ከኋላው እየተከተለው፣ በታንኳዎቹ መሐል እንደ ጀልባ አለፈ። በሌላው እጁ የቀለሙን ቆርቆሮ አለቀቀም፤ መንገዱን ሁሉ በቀይ መስመር እያሰመረ ሄደ። ማዶ ደርሰው ኮርማው ሲወጣ ጭቃው ላይ ጥሎት አለፈ።

ያን ጊዜ የሆነው ጸጥታ ምን ዓይነት እንደነበር በዘመኑ የኖረ ሰው ይገባዋል። ገበሬዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ሰማዩን አዩ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርሁት፤ ልጅቱ ጀርባዬን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ካድሬው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ግማሽ ፊቱ ጭቃ፣ ግማሹ ቀይ ነበር። ቆርቆሮውን ገልብጦ አየው፤ ባዶ ነው። መንጋውን አየ፤ ቀይ ቀንዱን እያወዛወዘ ዳገቱን ይወጣል። ከዚያ እኛን አየንና፣ "ጓዶች፣ ተሻገርን እኮ" አለ።

ድምፁ ላይ የሆነ ነገር ተሰበረና መሣቅ ጀመረ። በስብሰባ ላይ እንኳ ፈገግ ሲል አይተነው አናውቅም፤ ሲሥቅ የትምህርት ቤት ልጅ ይመስል ነበር። ያኔ ሁሉም ተለቀቀ። ገበሬዎቹ ጭቃው ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ፣ ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ጥለው ጉልበታቸውን መቱ፣ ጋሼ በገመድ እንደታሠሩ ቀይ መላጣቸውን ይዘው ሣቁ። እኔ ነጠላውን ከአፌ አወጣሁና ለዓመታት የዋጥሁትን ሁሉ ሣቅሁት።

ምሳችንን እዚያው ዳር ላይ በላን። ሽማግሌው ዓሣ አስጠበሱ፤ ፍልሰታ ስለነበር ጋሼ ዳቦ ብቻ ነው የቀመሱ። ካድሬው የሽማግሌውን ሽርጥ ለብሶ ልብሱ እስኪደርቅለት እሳቱ ዳር ተቀምጦ ሁለት ትልልቅ ዓሣ ጨረሰ።

በሽታው ግን ቀልድ አልነበረም። መስከረም ሳይጠባ የጎረቤት ቀበሌ አንድ በሬ ዓይኑ ማልቀስ፣ አፉ መቁሰል ጀመረና ሞተ፤ ከዚያ ሌላ ወደቀ። የከብት ገበያው ተዘጋ። እኔና ጋሼ በየጠዋቱ እየተነሣን መንጋውን ለማየት እንሄድ ነበር፤ በመነጽሩ አንዱን ከሌላው እፈትሻለሁ። እንባ ያለው አለ? ምራቁ የሚዝረከረክ አለ? ምግብ የተወ አለ? ከማሳው ዳር ቀይ ቀንዶቻቸው በአደይ አበባ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ይግጣሉ፣ ይጋፋሉ፣ ጥጆቻቸው ይፈነጫሉ። መስቀልም አለፈ፣ ጥቅምትም ገባ፣ በሽታው ደከመና ጠፋ። ከዚያ መንጋ አንድም አልታመመም። ጋሼ ያንን ሲያረጋግጡ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝና ዘወር ብለው ዓይናቸውን በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ።

ስለ ጥይት ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ካድሬው በስብሰባ ላይ ባቀረበው ዘገባ መንጋው የውኃውን መሰናክል በድል አድራጊነት መሻገሩን ገለጸ፤ ራሱ እንዴት እንደተሻገረ አላነሣም። እኛም ቀጥ ብለን አጨበጨብን። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሳይገባ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ሊሄድ ሲል ሾፌሩን አስቁሞ ዳር ላይ ብቻውን ቆሞ ከብቶቹን ሲያይ ያዩት ሰዎች ነገሩኝ።

እኛ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ በዚያው ዘዴ ከተብን። ወሬው ተሰምቶ ከግሽ አባይ ሳይቀር ልጆቻቸውን ይዘው ለማየት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶችም ተከትለው መጡ። ማኅበሩ በኋላ ሽማግሌውን ስለ ታንኳዎቻቸው ለማመስገን፣ ከጥጆቹ መሐል እናቷ የሞተችባትን አንዲት ዝንጉርጉር ጊደር ሰጣቸው። ልጃቸው ጓሮ አስራ በዓሣ ሾርባና በደንገል ጫፍ አሳደገቻት ቢባል ማንም አያምንም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ጊደሯ ላም ሆና ወለደች። ጠዋት በራሷ ጊዜ ዋኝታ ወደ ሣሩ ትሻገራለች፣ ማታ ዋኝታ ተመልሳ ደጁ ላይ ትጮኻለች። ያቺ የታንኳ ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ ባል አግብታ ሁለት ልጆች ከወለደች በኋላም ያቺን ላም ታልባት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ ወተቱን በቅል ትሰጠኛለች፤ ጠጥቼ ሳልጨርስ አንድ ነገር ትለኛለች፣ ወተቱ በአፍንጫዬ ይወጣል፣ ልጆቿ እናታቸውና እንግዳዋ ምን እንደሆኑ ግራ ገብቷቸው ያዩናል።